የባለዕዳው ስም በማን ብዕር ይጻፋል?

ንግድ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ዕቃና ገንዘብ ነው። ነገር ግን በዕቃውና በገንዘቡ መካከል የቆመ አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም መተማመን ነው። ሻጭ ዕቃውን አስቀድሞ ቢያስረክብ ገንዘቡ ሊቀርበት ይችላል፤ ገዥም ገንዘቡን አስቀድሞ ቢከፍል ዕቃው ላይደርሰው ይችላል። ርክክቡና ክፍያው ሳይገናኙ በሚያልፈው ጊዜ ውስጥ ለሁለቱም መያዣ ሆኖ የሚያገለግለው የሰውየው ስም ነው። «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ሟች የተነገረ ቢሆንም፣ በገበያ ውስጥ ግን ስም ለሕያዋንም ጥሪት ነው።

በየሰፈሩ የሚገኝ ባለሱቅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በአንድ በኩል «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ነው» የሚል ማስታወቂያ በግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ በሌላ በኩል ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተር ያኖራል። ማስታወቂያው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ደብተሩ ግን ስሙን፣ ቤቱንና ዘመዱን ለሚያውቀው ደንበኛ ነው። ደንበኛው ሳይከፍል ቢቀር ባለሱቁ ለጎረቤት ይነግራል፤ ሽማግሌ ይልካል። ባለዕዳውም በበኩሉ ቀርቦ «ደመወዝ ዘግይቶብኝ ነው» ወይም «የተጻፈብኝ ሒሳብ ልክ አይደለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሁለቱም የሚያውቋቸው ሰዎች ፊት ቆመው ይነጋገራሉ።

ለመሆኑ ሻጭና ገዥ በዓይን የማይተያዩ፣ በሀገርና በባሕር የተራራቁ በሆኑ ጊዜ ያልከፈለው ሰው ስም የት ይጻፋል? ማንስ ይጽፈዋል? የተጻፈበት ሰውስ መልስ የመስጠት መብት አለውን? እነዚህ ጥያቄዎች ከኢንተርኔት ገበያ ጋር አብረው የተወለዱ ቢመስሉም፣ ታሪካቸው ከኢንተርኔት እጅግ የቀደመ ነው።

ቁራኛ

በኢትዮጵያ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው የሚያዝበት ቁራኛ የሚባል ልማድ ነበር። በዚህ ልማድ መሠረት ባለገንዘብና ባለዕዳ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ የልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ነገሩ ሲከብድም ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ይህን ትዕይንት በአድናቆት ጽፈውታል፤ ፎቶግራፍም አንሥተውታል። ልማዱ ከቀረ በኋላም ቃሉ በቋንቋው ውስጥ ኖሯል። ሕመም የጣለው ሰው «የአልጋ ቁራኛ» ይባላል፤ የሚጠረጠርም ሰው «በዓይነ ቁራኛ» ይጠበቃል።

ቁራኛን ማሞገስ አይገባም። ድሀውን ገበሬ ከእርሻው ያስተጓጉል፣ በአደባባይም ያዋርድ የነበረ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ጠባዮቹን ማስተዋል ለኋላው ታሪክ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ነገሩ የሚፈጸመው በገሐድ ነው፤ ባለዕዳው ማን እንደያዘውና ስለምን እንደተያዘ ያውቃል። ሁለተኛ፣ አሳሪው ራሱ አብሮ ይታሰራል፤ ባለገንዘቡ በሐሰት ቢከስ የራሱም ጊዜና ክብር ይባክናል። ሦስተኛ፣ ቋጠሮው መፍቻ አለው፤ ባለዕዳው ዋስ ሲጠራ ወይም ዕዳውን ሲከፍል ይለቀቃል። ዋሱ «እሱ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ባይ ነውና፣ የጠፋውን መተማመን በራሱ ስም ይተካል።

ከገሐድ ወደ ምስጢር

የምዕራቡ ዓለም ንግድ እየሰፋ ሲሄድ ይህን የመሰለ የፊት ለፊት መተያየት አልበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1776 በሎንዶን ከተማ የነበሩ ነጋዴዎች ንግድን ከአታላዮችና ከአጭበርባሪዎች ለመጠበቅ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ ዕቃ ወስደው የማይከፍሉ ሰዎችን ስም ለአባላቱ ማሳወቅ ነበር። አንዱ ሻጭ የደረሰበትን ጉዳት ሌላው ሻጭ ሳይጎዳ እንዲማርበት ማድረግ፣ ዛሬም ድረስ የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ሁሉ መነሻ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ወደ ትልቅ ድርጅትነት የተለወጠው ግን በአሜሪካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኒው ዮርክ ጅምላ ሻጮች ከሩቅ አውራጃ ለሚመጣ ቸርቻሪ ሸቀጣቸውን ለወራት በዱቤ ይሰጡ ነበር። ቸርቻሪው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ መጥቶ ጨርቁን፣ ማረሻውንና ቅመሙን ጭኖ ይመለሳል፤ ይክፈል አይክፈል የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ይህን የዱቤ ሰንሰለት በጠሰው። ከወደቁት ድርጅቶች መካከል አርተር ታፓን የሚባለው የሐር ጨርቅ ነጋዴ ድርጅት ይገኝበታል፤ ዕዳውም ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

የአርተር ወንድምና የሥራ ባልደረባ ሉዊስ ታፓን ከዚህ ውድቀት ትምህርት ቀሰመ። ሉዊስ ታፓን የባርነት ሥርዓትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር፤ አሚስታድ በተባለችው መርከብ ላይ ዐምፀው በአሜሪካ የታሰሩት አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1841 በፍርድ ነጻ እንዲወጡ ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ መርካንታይል ኤጀንሲ የሚባል ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ በየአውራጃው ተጠሪዎችን ሰየመ፤ ብዙዎቹ የሕግ ጠበቆች ነበሩ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከንም በጥብቅና ዘመኑ ለድርጅቱ መረጃ ከላኩት አንዱ ነው። ተጠሪዎቹ የየአካባቢያቸውን ነጋዴ ሀብት፣ ጠባይ፣ የመጠጥ ልማድና የቤተሰብ ኑሮ ሳይቀር ይጽፋሉ። ጽሑፋቸው በኒው ዮርክ በታላላቅ መዛግብት ይገለበጣል፤ ክፍያ የፈጸመ ጅምላ ሻጭም ወደ ቢሮው ሄዶ የፈለገው ሰው ጉዳይ ይነበብለታል።

እዚህ ላይ ታላቅ ለውጥ መድረሱን ልብ ማለት ያሻል። በቁራኛ ጊዜ አሳሪና ታሳሪ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። በታፓን መዝገብ ግን ጸሐፊው ይሰወራል፤ የተጻፈበት ሰውም ምን እንደተጻፈበት አያውቅም። አንድ ቸርቻሪ ለዓመታት ያዘወተረበት መጋዘን በድንገት ዱቤ ቢከለክለው ምክንያቱን የሚነግረው የለም። ከዚህም በላይ የጸሐፊው ጭፍን ጥላቻ በመዝገቡ ውስጥ እንደ እውነት ተመዝግቦ ይቀራል። ስለ አይሁድ ነጋዴዎች የተጻፉት ብዙዎቹ ሐተታዎች በሰውየው ሥራ ላይ ሳይሆን በዘሩ ላይ የተሰጡ ፍርዶች መሆናቸውን የታሪክ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የባሪያን ነጻነት ለማስከበር የታገለ ሰው ያቋቋመው መዝገብ በዚህ መንገድ የሌሎችን መብት የሚጋፋ መሣሪያ ሆነ።

የተበደሉ ሰዎች ዝም አላሉም። በኦሃዮ ግዛት፣ በኖርዎክ ከተማ ይነግዱ የነበሩ ቢርድስሊ የተባሉ ቸርቻሪዎች የአንደኛው ሚስት ፍቺ ልትጠይቅ ነው፣ ንብረቱንም ሊያሸሽ ይችላል የሚል ወሬ በመዝገቡ ስለሰፈረባቸው ታፓንን በስም ማጥፋት ከሰሱት። ድርጅቱ ወሬውን ማን እንደላከለት ለመግለጽ እንቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1851 ለከሳሾቹ 10,000 ዶላር ካሳ ተፈረደላቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ቢሽረውም፣ ክርክሩ የጉዳዩን አንኳር ጥያቄ ለአደባባይ አብቅቶታል፤ ይኸውም ስለ ሰው ዕዳ የሚጽፍ ብዕር ለጻፈው ነገር ተጠያቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት የዚያ ድርጅት መዛግብት ከ2,500 ጥራዝ በላይ ናቸው። ድርጅቱም ከተፎካካሪው ከብራድስትሪት ጋር እ.ኤ.አ. በ1933 ተዋሕዶ እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል። የነጋዴው መዝገብ ኋላ ወደ ተራው ሸማች ተሻገረ፤ የቤት ኪራይ፣ የመኪናና የሸቀጥ ዱቤ የሚጠይቅ አሜሪካዊ ሁሉ የማያየው ፋይል ተከፈተለት። የአሜሪካ ዜጋ የተጻፈበትን የማየትና የመከራከር መብት በፌዴራል ሕግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያው ሕግ ከ7 ዓመት በላይ የቆየ አሉታዊ መረጃ በአብዛኛው እንዳይነገር ከለከለ። ቋጠሮው መፍቻ እንዲኖረው ታፓን ድርጅቱን ከመሠረተ በኋላ 129 ዓመታት ማለፍ ነበረባቸው ማለት ነው።

ሰማንያ ፊደል ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ፒየር ኦሚድያር የሚባል፣ ከኢራናውያን ወላጆች በፓሪስ የተወለደ የኮምፒዩተር ባለሙያ በካሊፎርኒያ አንድ የጨረታ ድረ ገጽ ከፈተ። ድረ ገጹ ኋላ ኢቤይ ተባለ። በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። የተሰበረ ዕቃ እንኳ ገዥ የሚያገኝበት ይህ ገበያ ከአንድ የቆየ ችግር ጋር ወዲያው ተጋፈጠ። ሻጩ በአንድ ግዛት፣ ገዥው በሌላ ግዛት ነው፤ ከስማቸው ይልቅ የሚተዋወቁት በመጠሪያ ቃል ነው። በዚያን ጊዜ ክፍያ የሚላከው በፖስታ፣ በቼክ ወይም በሐዋላ ነበር፤ ሻጩም ቼኩ ባንክ ደርሶ እስኪመነዘር ዕቃውን ይዞ ይጠብቃል።

በጨረታ አሸንፎ ሳይከፍል የሚጠፋ ገዥ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሻጩ ለማስታወቂያው ከፍሏል፤ ቀናት አልፈውበታል፤ በሁለተኛ ደረጃ ዋጋ የሰጠው ተጫራች ሌላ ዕቃ ገዝቶ ሄዷል። ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ የዕቃው ዋጋ ለጠበቃ አይበቃም። አጭበርባሪ ሻጭ የገዥን ገንዘብ እንደሚሰርቅ፣ የማይከፍል ገዥም የሻጭን ጊዜ ይሰርቃል።

ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ለዚህ ያቀረበው መፍትሔ የአስተያየት መድረክ ነበር። አብዛኛው ሰው ሐቀኛ ነው፤ ጥቂቶቹ ግን አይደሉም፤ ስለዚህ ገበያተኞቹ ራሳቸው በግልጽ ይመሰካከሩ የሚል ነበር ሐሳቡ። እያንዳንዱ ሰው ስለሌላው አወንታዊ፣ ገለልተኛ ወይም አሉታዊ ነጥብ ይሰጣል፤ ከነጥቡም ጋር ከ80 ፊደል የማይበልጥ ቃል ይጽፋል። የአወንታዊው ብዛት ከአሉታዊው ተቀናንሶ ከሰውየው መጠሪያ አጠገብ ይታያል፤ 10 ሲደርስ ቢጫ ኮከብ ይወጣለታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጥቡ ከዜሮ በታች አራት የወረደ ሰው ከገበያው ይባረር ነበር።

ይህ መድረክ ከታፓን መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ወደ ገሐድ የተመለሰ ነበር። ጸሐፊው ይታወቃል፤ ጽሑፉን የተጻፈበት ሰው ያነበዋል፤ መልስም ከሥሩ ሊያሰፍር ይችላል። ሻጭ ስለ ገዥ፣ ገዥም ስለ ሻጭ እኩል ይጽፋሉ። «ዕቃውን አሸንፎ ጠፋ፤ አይከፍልም፤ ተጠንቀቁ» የሚል አንድ መስመር ለሌሎች ሻጮች ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ሆኖም ሁለቱም ብዕር የያዙበት ገበያ የራሱን በሽታ ወለደ። ያልከፈለ ገዥ አሉታዊ ምስክርነት ሲጻፍበት እሱም በብቀላ ስለ ሻጩ አሉታዊ ይጽፋል። ለገዥው ስም መበላሸት ኪሳራው ትንሽ ነው፤ በአዲስ መጠሪያ ተመዝግቦ ሊመለስ ይችላል። በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ለዓመታት ያካበተ ሻጭ ግን አዲስ ስም ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሻጮች ያልከፈለውን ሰው ዝም ብለው ማለፍን መረጡ። በሌላም በኩል አንዳንድ ሻጮች አስቀድሞ ገዥው እስኪጽፍ ይጠብቁ ጀመር፤ ገዥው ቅሬታ ከጻፈ እነሱም ሊበቀሉት ነው። ገንዘቡን በወቅቱ የከፈለ ሐቀኛ ገዥ የተበላሸ ዕቃ ደርሶት እንኳ ለመናገር ፈራ። ፖል ሬስኒክና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. የ1999ን ግብይት መርምረው ገዥዎች ከሰጡት ምስክርነት ከ99 በመቶ በላይ አወንታዊ ሆኖ አግኝተውታል። ከዚህ ከፍተኛ አኃዝ በስተጀርባ የገበያው ሐቀኝነት ብቻ ሳይሆን የገበያተኞቹም ፍርሃት ነበረበት።

ብዕሩ ከሻጭ እጅ ሲወጣ

እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ኢቤይ ሻጮች ስለ ገዥዎች ገለልተኛም ሆነ አሉታዊ ምስክርነት መስጠት እንደማይችሉ አስታወቀ። ምክንያቱም ብቀላን የሚፈሩ ገዥዎች ገበያውን እየተዉ ነው የሚል ነበር። በዚያው ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ለውጥም ስለተደረገ ብዙ ሻጮች ተቆጡ፤ በየካቲት ወር ለአንድ ሳምንት ዕቃ ላለማቅረብ አድማ መቱ። ደንቡ ግን በግንቦት 2008 ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሻጭ ስለ ገዥ ሊጽፍ የሚችለው መልካም ቃል ብቻ ሆነ። ገዥው ባይከፍል ሻጩ ለድርጅቱ ያመለክታል፤ ድርጅቱም በገዥው ላይ የጥፋት ምልክት ይመዘግባል። ምልክት የበዛበት ገዥ ሊታገድ ይችላል፤ ሻጮችም እንዲህ ዓይነቱ ሰው ከእነሱ እንዳይገዛ አስቀድመው መከልከል ይችላሉ። ይሁን እንጂ ምልክቱን ሌላ ሻጭ አያነበውም። አንዳንድ ሻጮች አወንታዊ ነጥብ ሰጥተው ከሥሩ ነቀፋ መጻፍ ቢጀምሩም ድርጅቱ ይህንንም ከለከለ። በዚህ ሁኔታ መዝገቡ ከአደባባይ ወጥቶ እንደ ታፓን ዘመን ወደ ቢሮ ተመለሰ።

ሚዛናዊ ለመሆን የለውጡን ፍሬ መካድ አይቻልም። ክላይን፣ ላምበርትዝና ሽታል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2008ቱ ደንብ በኋላ የገዥዎች እርካታ መሻሻሉንና ሻጮችም ከገበያው በብዛት አለመውጣታቸውን አሳይተዋል። ገዥዎች ሳይፈሩ መናገር ሲጀምሩ ሻጮች አሠራራቸውን አሻሻሉ ማለት ነው። ነገር ግን ጥናቱ የገዥን እርካታ የሚለካ እንጂ፣ ዕቃው ታስሮ ገንዘቡ ሳይመጣ የቀረበትን ሻጭ ጉዳት የሚመዝን አልነበረም። የአንዱን ወገን አፍ ለመክፈት የሌላውን አፍ መዝጋት ግዴታ ነበርን? የሚለው ጥያቄም አልተመለሰም።

ለዚህ ጥያቄ ሌላ ዓይነት መልስ የሰጠ ገበያ አለ። ኤርቢኤንቢ የሚባለው የማረፊያ ቤቶች ማከራያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ ሥርዓት ዘረጋ። አከራዩና እንግዳው ስለየወገናቸው ይጽፋሉ፤ የሁለቱም ጽሑፍ የሚገለጠው ግን ሁለቱም ጽፈው ሲጨርሱ ወይም 14 ቀን ሲያልፍ ነው። አንዱ የሌላውን አይቶ መበቀል አይችልም። ሁለት ምስክሮች ለየብቻ ቀርበው እንዲናገሩ ማድረግ ከጥንት ጀምሮ የዳኝነት ጥበብ ነው፤ ችግሩ ከብዕሩ መብዛት ሳይሆን ከአጻጻፉ ሥርዓት ማነስ የመጣ መሆኑን ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ኢቤይም ቢሆን ወደ ሌላ ጥንታዊ መፍትሔ እየተጠጋ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ፔይፓል የተባለውን የክፍያ ድርጅት በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል በገዛ ጊዜ፣ በቼክና በፖስታ የሚያልፈው የጥበቃ ጊዜ ማጠር ጀመረ። በተቆረጠ ዋጋ የሚሸጡ ዕቃዎች ገንዘቡ ወዲያው ካልተከፈለ እንዳይያዙ ማድረግም ተቻለ። ገንዘቡን መካከል ላይ ሆኖ የሚቀበልና ለሁለቱም ወገን የሚያረጋግጥ ድርጅት በቀድሞው ቋንቋ ዋስ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የመንደሩ ዋስ የባለዕዳው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሲሆን የዛሬው ዋስ ግን ከእያንዳንዱ ግብይት ድርሻውን የሚወስድ ኩባንያ መሆኑ ነው። ኩባንያው ዋስም፣ ጸሐፊም፣ ዳኛም ሲሆን ገበያተኛው ይግባኝ የሚልበት ቦታ ይጠበዋል።

የታሪኩ ትምህርት

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በከተሞች ዕቃን በቴሌግራምና በፌስቡክ አሳይቶ፣ በስልክ ተስማምቶ፣ በሞተር ሳይክል ገዥው ደጃፍ ማድረስ የተለመደ ንግድ ሆኗል። ሸማኔው ጥለቱን፣ ሠዓሊው ሥዕሉን፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን በዚህ መንገድ ለማያውቁት ሰው ይሸጣሉ። ዕቃው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ስልኩን የሚዘጋ ገዥ ሲያጋጥማቸው የሚደርስባቸው ጉዳት የመላኪያው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በመተማመን የተጀመረ ሥራ በጥርጣሬ እንዲቀጥል ያደርጋል። በሌላ በኩል ደግሞ በችኮላ ወይም በቂም የማንንም ሰው ስምና ስልክ ቁጥር አውጥቶ «አጭበርባሪ» ብሎ መለጠፍ ሌላ በደል ነው፤ በስሕተት የተለጠፈበት ሰው ወዴት ሄዶ ያስነሣዋል?

ከመንደሩ ደብተር እስከ ኢቤይ መድረክ ያለው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የባለዕዳን ስም የሚጽፍ ብዕር ታላቅ ሥልጣን መሆኑን ነው። ሥልጣኑ በምስጢር ሲያዝ ጭፍን ጥላቻ ይሰፍርበታል፤ ያለ ሥርዓት ለሁሉም ሲሰጥ የብቀላ መሣሪያ ይሆናል፤ ለአንድ ወገን ብቻ ሲሰጥ የሌላው ወገን ጉዳት ከመዝገብ ይፋቃል። ስለዚህ መጻፉ መቅረት የለበትም፤ የተጻፈበት ሰው ግን ጽሑፉን ማየት፣ መልስ መስጠት፣ ሁለቱም ወገኖች በሚያውቁት ዳኛ ፊት መከራከርና ዕዳውን በከፈለ ጊዜ ስሙን መልሶ ማግኘት አለበት።

ቁራኛ ቀርቷል፤ መቅረቱም ተገቢ ነው። ዕዳው ሲከፈል ቋጠሮው እዚያው በአደባባይ፣ ባዩት ሰዎች ፊት ይፈታ እንደነበረ ግን መዘንጋት አይገባም።